እንቅልፍ እምቢ ላለሽ ልጄ

ልጄ፣ ሐኪም ዘንድ ቀርበሽ ማዘዣ ወረቀት ይዘሽ መመለስሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ከጎረቤት ለምነሽ ወይም ከማይታወቅ ሰው እጅ በድብቅ ገዝተሽ አልዋጥሽም፤ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። የቀረውን ጠባይሽን ግን አውቀዋለሁ። ልብሽ ቅን፣ እጅሽ ዝርክርክ ነው። ኪኒኑን ቦርሳሽ ሥር ትወረውሪዋለሽ፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ሳታነቢ ትጥያታለሽ፣ ሻል ሲልሽ ደግሞ ቀጠሮሽን ትረሻለሽ። ቁጥር እየሰጠሁ የጻፍኩልሽም ለዚህ ነው፤ ያልገባሽ ካለ በቁጥሩ ትጠይቂኛለሽ።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው። በእንቅልፍ ኪኒን ሲጎዱ ያየኋቸው ሰዎች ክፉዎችም ሞኞችም አልነበሩም። አብዛኞቹ እንዴት እንደሚጀመር ተነግሯቸው፣ መቼና እንዴት እንደሚቆም ሳይነገራቸው የቀሩ ናቸው። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

1. ኪኒኑን ከመዋጥሽ በፊት እንቅልፍሽን ምን እንደወሰደው ፈልጊ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እንቅልፍ ማጣት ብዙ ጊዜ የሌላ ነገር ምልክት ሆኖ ይመጣል። ከቡና እንጀምር። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና፣ ማታ 4 ሰዓት ትራስሽ ላይ ስታርፊ ግማሹ ገና ደምሽ ውስጥ አለ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ካፌይኑ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ያ የ11 ሰዓት ቡና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይም ግማሹ አልወጣም ማለት ነው። «አቦሉን ብቻ ነው የጠጣሁት» እንዳትዪኝ፤ የሚበረታው እኮ አቦሉ ነው። ጫት የሚቅም ሰውም እንደዚሁ ነው። የምርቃና ሌሊት የሚታከመው ጫቱን በመተው ነው፤ ኪኒን ቢጨመርበት አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ሌላው እንቅልፍ ነሺ ራሱ መድኃኒት ነው። ለአስምና ለአለርጂ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ማታ ከተዋጠ ዓይን አስፈጥጦ ያሳድራል። ሽንት የሚያበዛው የደም ግፊት ኪኒን አመሻሽ ላይ ሲወሰድ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ያመላልሳል። ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ስላዛወረላቸው ብቻ እንቅልፋቸው የተመለሰላቸው ሰዎች አሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅተሽ ልብሽ የሚከብድሽ፣ ቀን የምትወጂው ነገር ሁሉ የሚያስጠላሽ ከሆነ ድብርት ሊሆን ይችላልና ሕክምናው ሌላ ነው። ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሂጂ ቢሉሽም አትደንግጪ። የስሙ ፍርሃት የኛ የድሮዎቹ ነው፤ አንቺ አትውረሺው።

2. የሚቆምበትን ቀን ሳትጠይቂ አንድም ፍሬ አትዋጪ። ሐኪሙን «ለስንት ቀን?» ደግሞም «በየሌሊቱ ነው ወይስ ሲያስፈልገኝ ብቻ?» በዪው። ለአብዛኞቹ የእንቅልፍ ኪኒኖች ተገቢው ጊዜ ጥቂት ሌሊት፣ ቢበዛ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነት ይለምደዋል። በርበሬ የለመደ ምላስ ያው ወጥ አልጫ እንደሚሆንበት፣ የለመደ አንጎልም በትናንቱ መጠን አይተኛም፤ ጨምሩልኝ ይላል። ቀኑን ከሐኪሙ አፍ ስሚና ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር አክብቢው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ «የኔው አዲስ ዓይነት ነው፣ ልማድ አያስይዝም» የሚል ሰው ሳያጋጥምሽ አይቀርም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገርሽ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ከጀርመን ባርቢታል የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ወጣ፤ ዓለም ተደሰተ። እሱና ከሱ በኋላ የመጡት ዘመዶቹ ከታዘዘው ትንሽ አለፍ ሲሉ ትንፋሽ የሚያቆሙ ሆነው ተገኙ፤ ብዙ ሰውም ገደሉ። በ1960 ሊብሪየም፣ በ1963 ደግሞ ቫሊየም መጣ፤ ዛሬ እኛ ዳያዜፓም የምንለው ማለት ነው። ከቀደሙት በእውነት ይሻሉ ነበር፤ ግን ስንት ቤት ውስጥ እንደ ጨውና ስኳር የማይታጡ ከሆኑ በኋላ ነው ልማድ ማስያዛቸው የታመነው። በ1992 ዞልፒደም አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ «ይኼኛው እንደ ቫሊየም አይደለም» ተባለ። እሱም ቢሆን የለመዱት ሰዎች ለማቆም ሲቸገሩ ታይቷል። አዲስ ስም ስትሰሚ አትቸኩዪ።

3. ለሐኪሙ ምንም አትደብቂ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። የምትወስጂውን ሁሉ፣ የጨጓራውን ኪኒን ሳይቀር፣ ንገሪው። ብዙ ሰው እንደ ከረሜላ የሚቆጥረው ኦሜፕራዞል ዳያዜፓም ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ይቀንሰዋል፤ ያው አንድ ፍሬ እንደ ትልቅ መጠን ይሠራል ማለት ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ኪኒኑን ቶሎ ስለሚያስወግደው በሽተኛው «አልሠራልኝም» ብሎ ደራርቦ ይውጣል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አፍሮ ዝም ማለት የለበትም፤ ከነሱ ውስጥ ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ፈጽሞ የማይስማሙ አሉ፣ ራሳቸው እንቅልፍ የሚነሱም አሉ። በተለይ ይኼን አትርሺ፦ በኃይል የምታንኮራፊ ከሆነ፣ ተኝተሽ ትንፋሽሽ ቆም እያለ እንደሚመለስ ያየ ሰው ካለ፣ ለሐኪሙ ሳትናገሪ እንዳትወስጂ። እንዲህ ያለውን ሰው ኪኒኑ ጭራሽ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል።

4. ከመጠጥ ጋር በአንድ ሌሊት አይገናኙም። ቢራም፣ ጠጅም፣ አረቄም፣ ለበዓል የተቀመሰች አንዲት ብርሌም ያው ናት። አልኮልም ኪኒኑም የሚያደክሙት አንዱን አንጎል ነው፤ ሲገናኙ የሚደክመው ትንፋሽን የሚያዘው ክፍል ነው። ሰው ተኝቶ የሚቀረው እንዲህ ነው። ቀን ጫት ቅሞ፣ ማታ ጨብሲ ብሎ፣ በላዩ ላይ ኪኒን የሚጨምር ወጣት ከድሮም ነበረ፣ ዛሬም አለ። ለራስሽ ባይሆንም ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው። ትራማዶልና ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕም ከዚሁ ይቆጠራሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 እንደ ትራማዶል ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ከዳያዜፓም ዘሮች ጋር አብሮ መውሰድ ለሞት ሊያደርስ እንደሚችል በሁለቱም መግለጫ ወረቀት ላይ በጥቁር ሳጥን ተከቦ እንዲጻፍ ያዘዘው በዚህ የተነሳ ነው። በዓል ከሆነና ከቀመስሽ፣ የዚያን ሌሊት ኪኒኑ ይቅር። እንቅልፍ አጥቶ ማደር አይገድልም።

5. የምትውጪውን በስሙ እወቂው። «የእንቅልፍ ኪኒን» ብሎ አንድ ነገር የለም። ዳያዜፓም ሰውነት ውስጥ የሚሰነብት ነው፤ ግማሹ እስኪወጣ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል፣ ጉበት ከሱ የሚሠራው ንጥረ ነገርም ከዚያ በላይ ይቆያል። በየሌሊቱ ስትውጪው የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይደረብበታል። የዞልፒደም ግማሹ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወጣል። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ የድብርት መድኃኒት ነው፤ በትንሽ መጠን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ይታዘዛል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲበዛ ግን ልብን ይጎዳልና ከሌሎቹ ይልቅ እሱን ፍሪው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክልሽ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ «ፒኤም» የሚል የራስ ምታት ኪኒንም አለ። እዚያ ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ሰው ይንቀዋል። ውስጡ ያለው እንቅልፍ አምጪ የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ ሐኪም ካዘዘልሽ ጋር ከተደረበ በማግስቱ ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትሄጂው።

6. ከታዘዘልሽ አትለፊ፤ ሐኪሙንም «ከዚህ ያነሰ ይበቃኝ ይሆን?» ብለሽ ጠይቂው። በትንሹ ጀምሮ ማየት ያስኬዳል፤ የለመደ ሰውነትን ወደ ትንሽ መመለስ ግን ጭንቅ ነው። አንቺ ሴት ስለሆንሽ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ዞልፒደም ከሴት ሰውነት ቀስ ብሎ እንደሚወጣ ስለተረጋገጠ፣ በ2013 አሜሪካኖቹ ለሴቶች የሚመከረውን መጠን ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 አወረዱት። ለሃያ ዓመት ገደማ ሴቱም ወንዱም እኩል ሲውጡ ኖረዋል ማለት ነው። ወንድምሽ 10 ይወስዳል ብለሽ 10 አትዋጪ።

7. አልጋ ውስጥ ለመግባት ተዘጋጅተሽ ዋጪው። በሩን ቆልፊ፣ ምድጃውን አጥፊ፣ ጸሎትሽን አድርሺ፣ ከዚያ ኪኒኑ። ከዋጡ በኋላ ልብስ ልጠብ፣ ስልክ ልመልስ ማለት ቀልድ አይደለም፤ ኪኒኑ ቆመሽም ይይዝሻል። እራት በደንብ ከበላሽም ሰዓት ይለፍ፤ ዞልፒደም ሆድ ሙሉ ሆኖ ሲያገኘው ይዘገያል፤ አንቺም «አልሠራም» ብለሽ ሌላ ትደግሚያለሽ። ፊትሽ ያለው ሌሊት ቢያንስ ከ7 እስከ 8 ሰዓት የሚያስተኛ ይሁን። ለማኅሌት የምትነሺ ከሆነ፣ ወይም በረመዳን ለሱሑር የሚነሳ ቤት ውስጥ ከሆንሽ፣ የዚያን ሌሊት አትውሰጂ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅተሽ ሁለተኛ ፍሬ መድገም ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የሌሊቱን ጨለማ እንጂ የቀረውን ሰዓት አይቆጥርም።

8. ጠዋት ነቅቻለሁ በማለትሽ አትተማመኚ። ዓይን ይገለጣል፣ እጅና እግር ግን ገና ተኝቷል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መኪና አትንጂ፣ ሞተር ላይ አትውጪ፣ ፋብሪካ የምትሠሪ ከሆነም ማሽን ፊት አትቁሚ። አስፋልት ስትሻገሪ እንኳ ቆም በዪ። «ደህና ነኝ» የሚለውን ስሜት የሚሰጥሽ ያው የደከመው አንጎል ነው።

9. ሌሊት ያደረግሽውን የማታስታውሺ ከሆነ በዚያው ቀን አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ዞልፒደምና ዘመዶቹን ወስደው ተኝተው እያሉ የሚራመዱ፣ የሚያበስሉ፣ መኪና አስነስተው የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ ጠዋት ምንም አያስታውሱም። በ2019 ይኼም በጥቁር ሳጥን ውስጥ ገባ። አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው ያንን መድኃኒት ዳግመኛ አይወስድም። ጠዋት ድስቱ ከቦታው ተነስቶ ካገኘሽው ማነው የነካው ብለሽ ቤተሰቡን ጠይቂ፤ አብረውሽ የሚኖሩትንም ኪኒን መጀመርሽን ንገሪያቸው።

10. ለማንም አታካፍዪ፤ ለእናትሽም ቢሆን። እናት «እኔም እኮ እንቅልፍ የለኝም» ስትል አንጀት እንደሚበላ አውቃለሁ። ግን የሽማግሌና የአሮጊት ጉበትና ኩላሊት እንዳንቺ አይሠራም፤ ዳያዜፓም እነሱ ዘንድ ለቀናት ይቆያል። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ሲነሱ ይንገዳገዳሉ። በተለይ የኛ ሰው ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ደረጃ ወርዶ፣ ድንጋይ ረግጦ ነው። የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ አዛውንቶችን ታሪክ ወደ ኋላ ብትከተዪው፣ ጫፉ ላይ አንዲት የእንቅልፍ ኪኒን የምታገኚበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ኪኒኑ ያዘባርቃቸዋልም፤ ልጆቻቸው «ጃጁ» ብለው ይቀበሉታል፣ ኪኒኑ ቀስ ብሎ ሲቀነስ ግን አእምሯቸው ይመለሳል። እናትሽን ከወደድሽ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

11. ማርገዝሽን ከጠረጠርሽ ወይም ልታረግዢ ካሰብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ይኼን የምልሽ ታሪኩን ስለማውቅ ነው። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒን ያለ ማዘዣ ይሸጥ ጀመር፤ እርጉዞች ሳይቀሩ እንዲወስዱት ደህና ነው ተባለ። ከገበያ የወጣው በ1961 መጨረሻ ነው፤ በሱ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከ10,000 የሚበልጡ ልጆች እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወልደዋል። ዛሬ የሚታዘዙልሽ እንደዚያ አይደሉም። ቢሆንም ወደ ፅንሱ ያልፋሉ፤ በእርግዝናው መጨረሻ የተወሰደ ዳያዜፓም የሚወለደውን ሕፃን ያልፈሰፍሰዋል፣ ጡት መጥባት ያቅተዋል። ለምታጠቢም ያው ነው፤ በወተቱ ያልፋል። ታዲያ ኪኒኑ ላይ ሳለሽ ካረገዝሽ ደንግጠሽ በአንድ ቀን አትወርውሪው፤ ምክንያቱን ቁጥር 15 ላይ ታገኚዋለሽ።

12. ቆልፈሽ አስቀምጪው። ቦርሳ ውስጥ፣ ትራስ ሥር፣ ቴሌቪዥን ላይ አይሆንም። ሕፃን ቀለም ያለው ነገር ሁሉ ከረሜላ ይመስለዋል። ልጅ ዋጠ ከተባለ ወተት አታጠጪ፣ ጣት ከትተሽም አታስመልሺ፤ የደነዘዘ ልጅ ወተቱን ወደ ሳንባው ነው የሚያስገባው። ካርቶኑን ይዘሽ ወደ ሆስፒታል ሩጪ፣ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሪ። አንቺም ብትሆኚ፣ ልጄ፣ ሐሳቡ ጨልሞብሽ ኪኒኑን በሌላ ዓይን ማየት ከጀመርሽ፣ በዚያው ሰዓት ለምታምኚው ሰው አስረክቢውና ለሐኪምሽ ተናገሪ። አያሳፍርም። ሐኪሞች ይኼን ብዙ ጊዜ ሰምተውታል፤ መልስም አላቸው።

13. አገር ስታቋርጪ ማዘዣውን ያዢ። እንደ ዳያዜፓም ያሉት ኪኒኖች በኛም አገር በልዩ ማዘዣ የሚወጡ፣ በውጭም ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው። እንደ ዱባይና አቡዳቢ ባሉት ቦታዎች ቀድሞ ፈቃድ ሳያወጡ ይዞ መግባት ያሳስራል። «ለአክስቴ አድርሺልኝ» የተባለ ኪኒን ደግሞ በፍጹም አትያዢ።

14. ኪኒኑን በምትወስጂባቸው ሳምንታት ያለ ኪኒን መተኛትን ተማሪ። ከሁሉም የምለፋበት ይኼ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በ2016፣ የአውሮፓ የእንቅልፍ ምርምር ማኅበር ደግሞ በ2017 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት (በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ ለቆየው ማለት ነው) ከኪኒን በፊት የሚሰጠው ሕክምና ሐሳብንና የመኝታ ልማድን የሚያርመው ነው ብለው ወስነዋል። ኪኒን የሚሠራው በተወሰደበት ሌሊት ነው። ይኼኛው ከሕክምናው በኋላም አብሮሽ ይቆያል። የሚያስተምር ባለሙያ ካገኘሽ እሰየው፤ ካላገኘሽ ዋና ዋናውን ልንገርሽ።

የምትነሺበት ሰዓት አንድ ይሁን። ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ፣ እሑድም ሆነ በዓል፣ 12 ሰዓት ካልሽ 12 ሰዓት። ቀን ጋደም ማለት ይቅር። አልጋ ላይ የምትወጪው እንቅልፍ ሲጫጫንሽ ብቻ ይሁን፤ 3 ሰዓት ስለሆነ ወይም ስለሰለቸሽ አይሁን። አልጋው ላይ አይበላም፣ ሒሳብ አይሠራም፣ ስልክ አይነካም። 20 ደቂቃ ያህል ተገላብጠሽ እንቅልፍ ካልወሰደሽ ተነሺ። ሰዓት እያየሽ አይደለም፤ ሰዓቱን አዙሪው፣ በግምት ይበቃል። ሌላ ክፍል ካለሽ ወደዚያ ሂጂ፤ ቤትሽ አንድ ክፍል ከሆነም ወርደሽ ዱካ ላይ ተቀመጪ፣ ብርሃኑን ቀንሰሽ የማያጓጓ ነገር አንብቢ፣ ሲያሸልብሽ ተመለሺ። ይኼን ሥርዓት በ1972 የጀመረው ሪቻርድ ቡትዚን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እዚያ ተኝተሽ ስትጨነቂ የከረምሽበት አልጋ በራሱ የሚያነቃ ቦታ ይሆናልና፣ አልጋውን መልሶ የእንቅልፍ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ለሰሚው ይገርማል፤ ቁጥር 7 ላይ ካልኩሽ የሰዓት ልክ ጋር ስለማይሄድም ኪኒን በምትወስጂበት ሌሊት አይሆንም። አልጋ ላይ 9 ሰዓት ተጋድመሽ የምትተኚው 6 ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ መጋደሙን ወደ 6 ሰዓት ታሳጥሪዋለሽ። እንቅልፉ ተሰብስቦ ሲሞላልሽ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ትጨምሪያለሽ። የመጀመሪያው ሳምንት ይመራል፤ ቀን ዓይንሽ ይከደናል፣ ትነጫነጫለሽ። ከ5 ሰዓት በታች ግን አታውርጂው። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ መንፈሱ ከልክ በላይ እየጋለ የሚወድቅ ሕመም ያለበት፣ ወይም መኪና እየነዳ የሚያድር ሰው ያለ ሐኪም አይሞክረው።

15. ስታቆሚ ቀስ ብለሽ አቁሚ። ጥቂት ሌሊት ብቻ የወሰድሽ ከሆነ በቀጠሮው ቀን ማቆም ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ሳምንታት ካለፉ ግን፣ ይልቁንም የዳያዜፓም ዘር ከሆነ፣ በአንድ ቀን መተው አደገኛ ነው። ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የባሰ ሲሆን ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አረፋ ደፍቆ ይወድቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ከሩብ ያልበለጠ፣ ለቆየበት ሰው ከዚያም በጣም ያነሰ ይቀንሳሉ። ወራት ቢፈጅም ምንም አይደለም።

ጠበል የሚሄዱ ሰዎች ኪኒናቸውን ከበር ላይ ጥለው ሲገቡ አውቃለሁ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ሲንቀጠቀጡና ሲወድቁ የሚያየው ሕዝብ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ጠበልሽን ጠጪ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ኪኒኑን ግን ሐኪሙ በሰጠሽ መርሐ ግብር ነው የምትቀንሺው። የንስሐ አባትሽም ብትጠይቂያቸው ይኼንኑ ሳይሉሽ አይቀሩም።

በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍሽ ከድሮውም ብሶ ይጠፋል፣ ሕልምሽ ይበዛል። «ያለ ኪኒን መተኛት አልችልም ማለት ነው» ብለሽ የምትመለሺው እዚህ ጋ ነው፤ ስንቱ ሰው ከዚህች ድልድይ ተመልሷል መሰለሽ። ይኼ ሰውነት የለመደውን ሲያጣ የሚያሰማው ጩኸት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት፣ ለቆየበት በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። በዚያ ሰሞን ትልቅ ጉዳይ አትያዢ፤ ፈተናና ሠርግ ያለበትን ወር ለማቆሚያ አትምረጪ። ይኼ ጊዜ ካለፈና ካልበረደ፣ ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ ወደ ሐኪሙ ተመለሺና የቀነሰውን መጠን ያስተካክል። ራስሽ አትጨምሪ።

16. የተረፈውን ለክፉ ቀን ብለሽ አታስቀምጪ። የመጨረሻው ቀጠሮሽ ሲደርስ ከነካርቶኑ ይዘሽ ሂጂና ፍሬውን ቆጥረሽ ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ አስረክቢው፤ እሱ እንዴት እንደሚወገድ ያውቃል። ሽንት ቤት ውስጥ አትጣዪው፣ ልጆችና ውሾች በሚፈትሹት ቆሻሻ ላይም አትድፊው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስምና መጠን ግን ደብተርሽ ላይ ገልብጪ፤ ሌላ ጊዜ ሌላ ሐኪም ሲጠይቅሽ «ነጭ፣ ትንሽ፣ ክብ ነበር» እንዳትዪው።